የሰኞ ቀዳዳዎች

አባቴ ከኪሱ የማትለይ አንዲት ማግኔት ነበረችው። ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ ፈልቅቆ ያወጣት፣ የጠርሙስ ክዳን የምታህል፣ ዙሪያዋ የተሸራረፈ ማግኔት። ሶማሌ ተራ ወርዶ ለላዳ ታክሲ የጭስ ማውጫ ቫልቭ፣ የሞተሩን ጭስ እየተከፈተ የሚያስወጣውን በር፣ ሲገዛ ከሻጩ ጋር ብዙ አይከራከርም። ማግኔቷን መጀመሪያ ከቫልቩ ዘንግ ያስጠጋታል፤ ጥብቅ ብላ ትለጠፋለች። ከዚያ ወደ ቫልቩ ራስ፣ እንደ እንጉዳይ ወደሚሰፋው በኩል ይወስዳታል፤ እጁ ላይ ትወድቃለች። «ይሄ ሁለት ብረት ነው፤ ጠቅልልልኝ» ይላል። ከላይ እስከ ታች ከተለጠፈች ግን ቫልቩን በቀስታ ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሄዳል።

ልጅ ሳለሁ ነገሩ አስማት ይመስለኝ ነበር። ምክንያቱን የተረዳሁት ብዙ ቆይቼ ነው። የቫልቩ ራስ የሚሠራው እሳት ከሚችል፣ ክሮምየም፣ ኒኬልና ማንጋኒዝ በብዛት ከገባበት ብረት ነው፤ ይህ ዓይነቱ ብረት ማግኔት አይስበውም። ዘንጉ ግን ማግኔት የሚስበው፣ መፋተግን የሚችል ሌላ ብረት ነው። ሁለቱ በብየዳ ተጋጥመው አንድ ዕቃ ይሆናሉ። አባቴ በማግኔቷ የሚለየው ይህንን ነበር። ማግኔቷ የማታሳየው ሦስተኛ ብረትም ነበረ፦ በራሱ ጠርዝ ዙሪያ፣ ቫልቩ መቀመጫው ላይ በሚያርፍበት ፊት ላይ፣ እንደ ቀለበት ተደርጎ የተበየደ ቀጭን ጠንካራ ቅይጥ። እኔ ዛሬ እንጀራዬን የምበላው በዚያ ቀለበት ነው። መኖሪያዬ አሜሪካ፣ መካከለኛው ምዕራብ ነው፤ ለከባድ የናፍጣ ሞተሮች ቫልቭ በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ያ ቀለበት ያለ ቀዳዳና ያለ ስንጥቅ እንዲወጣ መጠበቅ ሥራዬ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመት አለፈው።

ቫልቭ ምን ያህል እንደሚደክም ብዙ ሰው አያስበውም። በደቂቃ 3000 ጊዜ የሚዞር ሞተር ውስጥ አንድ የጭስ ማውጫ ቫልቭ 1500 ጊዜ ተከፍቶ ይዘጋል፤ በሴኮንድ 25 ጊዜ ማለት ነው። የአንድ ሰዓት መንገድ 90,000 ጊዜ መከፈትና መዘጋት ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ራሱ ከ700 ዲግሪ በላይ ግሎ፣ የሚያቃጥል ጭስ በጎኑ እያለፈ ነው። ከዚህ ሙቀት አብዛኛውን የሚያወጣው በዚያች ቀለበት በኩል ነው። ቫልቩ መቀመጫው ላይ ባረፈ ቁጥር ሙቀቱ ከፊቱ ወደ መቀመጫው፣ ከመቀመጫው ወደ ቴስታታው፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ከዚያም ወደ ውሃው ይሻገራል። የተዘጋባት ቅጽበት ዕረፍቱ ናት።

አሁን በዚያች ፊት ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ጠርዙ አጠገብ አለች እንበል። ቫልቩ ሲዘጋ በቀዳዳዋ በኩል ትንሽ ጋዝ ያመልጣል። ያቺ ቦታ ከመቀመጫው ጋር አልተገናኘችምና አትቀዘቅዝም፤ ይልቁንም የሚያመልጠው ጋዝ ይበልጥ ያግላታል። ብረቱ ይበላል፣ መንገዱ ይሰፋል፣ ብዙ ጋዝ ያመልጣል። መካኒኮች «ቫልቩ ተቃጠለ» የሚሉት ይህን ነው። አባቴ እንዲህ ያለ ቫልቭ ሲያገኝ ጠርቶ ያሳየኝ ነበር። በጠርዙ ላይ ያለው ስርጉድ ጎርፍ የቦረቦረው ተዳፋት ይመስላል፤ ላይ ሰፊ፣ ታች ጠባብ። ከጎርፉ በፊት አንዲት የመጀመሪያ ጠብታ እንደነበረች ያኔ አልገባኝም ነበር።

ቅይጡ ስቴላይት ይባላል። ያገኘው የኢንዲያናው ተወላጅ ኤልዉድ ሄይንስ ነው፤ በ1894 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኮኮሞ በምትባል ከተማ፣ አሜሪካ ውስጥ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ የቤንዚን መኪኖች አንዱን የነዳ ሰው። በ1907 ለኮባልትና ክሮምየም ቅይጥ የፈጠራ መብት አገኘ፤ ኋላም ተንግስተን ጨመረበት። ስሙን ያወጣለት በላቲን ኮከብ ማለት ከሆነው ቃል ነው፣ ስለ ብልጭታው። መኪና ሠሪው ያገኘው ብረት ዞሮ ዞሮ የመኪና ሞተር ሆድ ውስጥ መግባቱ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። በብዛት የምንጠቀምበት ቁጥር 6 የሚባለው ዓይነት ወደ 28 በመቶ ክሮምየም፣ 4 በመቶ ግድም ተንግስተን፣ ከ1 በመቶ ትንሽ የሚበልጥ ካርቦን አለበት፤ የቀረው በአመዛኙ ኮባልት ነው። ተራ ብረት ግሎ ሲለሰልስ ይህ አይለሰልስም። የዚያኑ ያህል ግን ግትር ነው፤ ሲጨንቀው አይለጠጥም፣ ይሰነጠቃል።

ለዚህ ሥራ የአማርኛ ቃል ስፈልግ መጀመሪያ የመጣልኝ «ለበጣ» ነበር፣ ወርቅ የተለበጠ እንደምንለው። ግን «የለበጣ ሳቅ» የሚለውም ከዚያው ሥር ነው፤ ከውስጥ ያልመጣ፣ ላይ ላዩን የሆነ ማለት ነው። ሥራችን ደግሞ ላይ ላዩን ከሆነ ከሽፏል። ቅይጡ ከሥሩ ካለው ብረት ጋር ቀልጦ መዋሐድ አለበት። ውሕደቱ ካነሰ ቀለበቱ አንድ ቀን ተፈንቅሎ ሲሊንደር ውስጥ ይወድቃል። ከበዛ ደግሞ የሥሩ ብረት ወደ ላይ ይቀልጥና ቅይጡን ይበርዘዋል፤ የተበረዘ ስቴላይት ጥንካሬው ይወርዳል። ጥሩ ጠጅ ላይ ውሃ እንደመጨመር ነው፤ መልኩ አይለወጥም፣ የጠጣው ግን ያውቀዋል።

ድሮ ይህን ሥራ በአሲታይሊን እሳት የሚሠሩ በያጆች ልኩን የሚያውቁት በዓይናቸው ነበር። እሳቱን አሲታይሊን አብዝተው ያለሰልሱታል፤ የቫልቩ ፊት ሳይቀልጥ፣ ገና ወዛ ሲል ብቻ፣ ላብ ቸፍ ያለበት ግንባር ሲመስል፣ የቅይጡን ዘንግ ያስጠጋሉ። እኛ ጋ አሁን የሚሠራው በፕላዝማ፣ በኤሌክትሪክ እጅግ በጋለ ጋዝ፣ ነው። ቫልቩ ይሽከረከራል፤ የደቀቀው ቅይጥ በአርጎን ጋዝ ታጅቦ ከጎተራው፣ ከዱቄቱ ማጠራቀሚያ፣ ወደ ብየዳው አፍንጫ ይወርዳል፤ እዚያ ቀልጦ ቀለበቱን ይሠራል። ያ ወዝ ግን ዛሬም ያው ወዝ ነው፤ እኛ በአምፔር እንለካዋለን እንጂ።

ጉድለት የሚፈጠረው እሳቱ ላይ ይመስላል። እኔም ለብዙ ጊዜ እንዲያ ነበር የማስበው፤ ቀዳዳ በታየ ቁጥር የምሮጠው አምፔሩን ለማስተካከል ነበር። አሁን የማምነው፣ አብዛኛው የፊት ጉድለት እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ መሆኑን ነው። እሳቱ የተደበቀውን ያወጣዋል።

ለምሳሌ ቦዩን እንውሰድ። ቅይጡ የሚያርፍበት ቦታ በቶርኖ፣ ብረቱን እያሽከረከረ በሚቆርጠው ማሽን፣ ቀድሞ ይቦረቦራል። የቦዩ ጥግ ሹል ሆኖ ከተቆረጠ የቀለጠው ብረት እስከ ጥጉ አይደርስም፤ እዚያ ትንሽ አየር ታፍኖ ይቀራል። በዓይን የሚታይ ምንም የለም። ብዙ ቆይቶ፣ ቀለበቱ ሲሞረድ፣ አፏን ትከፍታለች። መድኃኒቱ የቶርኖውን መቁረጫ ጫፍ ማክበብ ነው፣ ከዚህ የዘለለ ጥበብ የለውም። ነገር ግን ያረጀ መቁረጫ ጫፉ ተሸርፎ ጥጉን መልሶ ሹል ሲያደርገው ማንም አያስተውልም፤ ስለዚህ ቀዳዳ ሲበዛብኝ አሁን መጀመሪያ የምሄደው ወደ ቶርኖው ነው። እዚያው ቦይ ውስጥ የቀረ የመቁረጫ ዘይትም አለ። ከታጠበ በኋላ በባዶ እጅ የነካው ሰው አሻራም እንዲሁ። የአውራ ጣት ወዝ ምን ያህል ነው? በሺህ ዲግሪ ላይ ግን ተንኖ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙም መውጫ ይፈልጋል። ጓንት እንዲደረግ ያልኩበት ቀን እንደ ቅንጦት ታይቶብኝ ነበር።

ስንጥቅ ሌላ ነገር ነው። እሱን ያስተማረችኝ እናቴ ናት ብል ማጋነን አይሆንም። አዲስ ምጣድ ሲገዛ እናቴ በዚያው ቀን አትጋግርበትም። መጀመሪያ በለስላሳ እሳት ታሟሸዋለች፤ በጎመን ዘር እያሸች፣ ቀስ እያለች። ሳይሟሽ እሳት የበዛበት ምጣድ ይሰነጠቃል፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት አልገባችም። ፋብሪካ ገብቼ ትልልቆቹ ቫልቮች ከብየዳ በፊት ለምን እንደሚሞቁ ሲያስረዱኝ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት አንድ ቃል ነበር፦ «ማሟሸት»። ቀዝቃዛ ብረት ላይ የጋለ ቅይጥ ሲፈስ ቅይጡ ቶሎ ሊኮማተር ይፈልጋል፤ ከሥሩ ያለው ብረት ግን አብሮት አይኮማተርም፤ ግትሩ ቅይጥ መሐል ላይ ይቀደዳል። ሁለቱ ሞቀው ከጀመሩና አብረው ከቀዘቀዙ ጠቡ ይቀንሳል።

አብሮ መቀዝቀዝ ለሚለውም እናቴ ቃል ነበራት፦ ማዳፈን። ማታ ፍሙን በአመድ ታዳፍነዋለች፤ ጠዋት ረመጡ ትኩስ ሆኖ ይጠብቃታል። የድሮ በያጆች የበየዱትን ቫልቭ አመድ ወይም ኖራ ውስጥ ይቀብሩት ነበር። እኛ ሙቀት የሚያቅብ የማዕድን ፍርፋሪ በሞላበት ሳጥን ውስጥ እንከተዋለን። አንድ ጥር ላይ፣ በረዶው በወደቀበት ሰሞን፣ የዕቃ መጫኛው ትልቅ በር ተከፍቶ ቆይቶ ነበር። ሳጥኖቹ ገና አልተከደኑም። ከብየዳው መሥመር አጠገብ ቆሜ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ «ጭር»፣ ቀጭን ብርጭቆ ላይ የፈላ ውሃ ሲፈስ የሚሰማው ዓይነት። ትንሽ ቆይቶ ሌላ። ማሽን የሰጠው ድምፅ መስሎኝ ዞር አልኩ። ቫልቮቹ ነበሩ። በቀዝቃዛው ነፋስ አንድ በአንድ እየተሰነጠቁ ነበር። ያን ድምፅ የሰማ ሰው በር መክፈትን ቀላል ነገር አድርጎ አያይም። ከዚያ ወዲህ ሳጥኑ ከብየዳው ቦታ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው፤ ክዳኑም ከላዩ አይነሳም።

ወደ ሰኞ ልምጣ።

አንድ ክረምት፣ የሐምሌ እርጥበት ሸሚዝ ከጀርባ በሚያጣብቅበት ወቅት፣ ቀዳዳ አስቸገረን። በየቀኑ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ የሚመጣው ግን ሰኞ ጠዋት ብቻ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሃያና ሠላሳ ቫልቮች ፊታቸው እንደ እንጀራ ዓይን አውጥቶ ይመጣል፤ ረፋድ ላይ በራሱ ይጠፋል። እስከ ዓርብ አንድም የለም። ደግሞ ሰኞ ይመለሳል። አለቃችን በሰኞው ፈረቃ ላይ ጥርጣሬ አደረበት። መሥመሩን የምትሠራው ከቡርማ የመጣች፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ነበረች። ሌላ ሰው ተተካ፤ ቀዳዳው አልቀረም። እኔም አምፔሩን ወደ ላይ ወደ ታች እያልኩ ሦስት ሳምንት አባከንኩ። ውጤቱ ጉዳዩን ማባባስ ብቻ ነበር፤ አምፔር ሲጨምር ቅይጡ መበረዝ ጀመረ።

በመጨረሻ ሄጄ ጠየቅኳት። ሰኞ ከሌላው ቀን በምን ይለያል? አላሰበችበትም እንኳ፣ ወዲያው መለሰችልኝ። «ሰኞ ጎተራውን በጣቴ ደጋግሜ እመታዋለሁ፤ ዱቄቱ አይወርድም» አለች። ለምን እስከ ዛሬ እንዳልተናገረች ስጠይቃት ማንም እንዳልጠየቃት ነገረችኝ።

ከእንግዲህ ነገሩ ራሱን ፈታ። ጥሩ የብየዳ ዱቄት በጣት መሐል ሲፈስ እንደ ደረቅ አሸዋ ነው፤ እያንዳንዷ ቅንጣት ክብ ናት፣ አትያያዝም። ዓርብ ማታ ጎተራው ውስጥ ተትቶ ሁለት ቀን ያደረው ዱቄት እርጥበት ጠጥቶ ነበር። ያ ብቻ አልነበረም። አርጎኑ የሚመጣበት የጎማ ቱቦም በሁለቱ ቀን በግድግዳው በኩል እርጥበት ስቧል፤ የሰኞ የመጀመሪያው ጋዝ ያንን ይዞ ይመጣል። ውሃ የፕላዝማው እሳት ውስጥ ሲገባ ይበታተናል። ሃይድሮጅኑ በቀለጠው ብረት ውስጥ ይሟሟል፤ ብረቱ ሲረጋ ግን ያን ያህል ጋዝ መያዝ አይችልምና ያስወጣዋል። ፊቱ ቀድሞ ከረጋ ጋዙ መውጫ አጥቶ እዚያው አረፋ ሆኖ ይቀራል። እስከ ረፋድ ድረስ ቱቦው በራሱ ደርቋል፣ የአደረውም ዱቄት አልቋል፤ ቀዳዳውም ይጠፋል።

ያደረግነው ትንሽ ነው። ዓርብ ማታ ጎተራው ይራገፋል፤ ዱቄቱ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ውስጥ ይገባል፣ ሰኞም ከመጠቀማችን በፊት ምድጃ ውስጥ ይደርቃል። ቱቦው እርጥበት በማያስገባ ተለወጠ። እሳቱ ከመለኮሱ በፊት አርጎኑ ለብዙ ደቂቃ ብቻውን ይነፍሳል፤ ይህ ጋዝ ማባከን ነው ብሎ የተከራከረኝ ሰው ነበር፣ ከተጣሉት ቫልቮች ሳጥን አጠገብ ወስጄ አሳየሁት። ሴትዮዋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ያኔ ይቅርታ የጠየቃት አለመኖሩ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ እኔም ይቅርታ የጠየቅኳት ዘግይቼ ነው።

ሌላው አስቸጋሪ ቦታ ቀለበቱ ራሱን የሚያገኝበት ነው። ብየዳው ዞሮ ከጀመረበት ሲደርስ ትንሽ ተደርቦ ማለፍ አለበት። እዚያ ላይ እሳቱ በአንድ ጊዜ ድርግም ከተደረገ፣ መሐሉ የቀለጠው ብረት ሲረጋ ይሰበሰብና የሚሞላው ሌላ ብረት ያጣል፤ ትንሽ እምብርት ይቀራል፣ ከእምብርቱም ብዙ ጊዜ እንደ ኮከብ የተበተነ ስንጥቅ ይወጣል። ስለዚህ አምፔሩ ቀስ በቀስ ይወርዳል፣ ዱቄቱም እንዲሁ። ሊጥ ምጣድ ላይ ስታዞር የመጀመሪያውን ዙር ከመነሻው ጋር ሳታቋርጥ የምትዘጋ እናት ያየ ሰው ይህ አያስቸግረውም።

መሞረዱ ላይ ብዙ አልቆይም። ድንጋዩ ከደነዘና ማቀዝቀዣው ውሃ ቦታውን ከሳተ ጤነኛ የነበረ ፊት በሙቀት ይሰነጠቃል፤ ድንጋዩን በጊዜው መሳል፣ የውሃውን አፍ ማስተካከል ነው። አንድ ነገር ግን ልናገር፦ የደነዘ ድንጋይ ብረቱን ከመቁረጥ ይልቅ ይለቀልቀዋል፤ የተለቀለቀው ብረት ደግሞ ቀዳዳውን ይሸፍነዋል። በዓይን የሚያበራ ቫልቭ ከዚህ የተነሳ አያስደስተኝም።

«መርማሪው ይይዘዋል» የሚለውን አባባል አልወደውም። መርማሪ ቫልቭ ይመርጣል እንጂ አይሠራም። ደግሞም ቆዳው ሥር የቀረች አረፋ ዛሬ ለመርማሪው ላትታይ ትችላለች፤ ፊቱ በሥራ ብዛት ትንሽ ሲበላ ያኔ ትከፈታለች። በዚያን ጊዜ ቫልቩ ያለው የጭነት መኪና ሞተር ውስጥ ነው፣ ምናልባትም ጋራዥ በሌለበት ዳገት ላይ። የአባቴ ደንበኞች በአንድ ቫልቭ ምክንያት የአንድ ሳምንት ገቢ ያጡ ነበር። ላዳቸው ቆሞ ከአባቴ ጋራዥ ደጃፍ የሚቀመጡበት ድንጋይ ነበር፤ ያን ድንጋይ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ገባሁ። ዝናብ አድሮ ወለሉ ሁሉ ወዝቶ ነበር። አርጎኑ ሲነፍስ ቆይቶ የመጀመሪያው ቫልቭ ተበየደ፣ ተዳፈነ፣ ቀዝቅዞ ተሞረደ። የመጀመሪያው ሁልጊዜ የእኔ ነው። አጠብኩት፣ ቀዩን ቀለም ቀባሁት፣ ቀለሙ ስንጥቅ ካለ ሰርጎ እንዲገባ አሥር ደቂቃ ጠበቅኩ፣ ከዚያ ጠረግኩትና ነጩን ዱቄት ነሰነስኩበት። ቀዳዳ ካለ የሰረገው ቀይ ነጩ ላይ እንደ ደም ነጠብጣብ ብቅ ይላል። ያቺ ሴትዮ ጓንቷን እያደረገች መጥታ አጠገቤ ቆመች። ሁለታችንም ዝም ብለን መብራቱ ሥር አየነው። ቀለበቱን ቀስ ብዬ አዞርኩት፣ አንድ ጊዜ፣ ደግሜ። ነጩ እንደነጣ ቀረ። እሷም ሄዳ ጎተራውን ከፈተች።